የመኪና ሙዚቃ ካፓሲተር ከመገጠሙ በፊት ቀስ ብሎ መሞላት ያለበት ለምንድን ነው?

በዋሽንግተን ዲሲ ዩ ስትሪት፣ በተለይም የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶች በሚገኙበት 9ኛው ጎዳና አካባቢ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ምሽቶች ሙዚቃ የሚሰማው ከቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ከሚያልፉ መኪኖችም ጭምር ነው። ሰፈሩ ከሙዚቃ ጋር ያለው ቁርኝት የቆየ ነው። የጃዝ ሊቁ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚሁ አካባቢ ሲሆን፣ በከተማዪቱ የተወለደውና ከበሮ የሚጎላበት የጎጎ ሙዚቃም እ.አ.አ. በ2020 የዲሲ ይፋዊ ሙዚቃ እንዲሆን በሕግ ጸድቋል።

ከበሮውና ቤዙ ጎልተው እንዲሰሙ በመኪናቸው ላይ ኃይለኛ አምፕሊፋየር የሚያስገጥሙ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ይገጥማቸዋል፤ ከበሮው በተመታ ቁጥር የመኪናው መብራት ይደበዝዛል። ለዚህ ችግር በተደጋጋሚ የሚሰጠው ምክር ካፓሲተር መግጠም ነው። ዕቃው በቀላሉ ተገዝቶ በቤት ደጃፍ ወይም በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሊገጠም ይችላል። በታክሲና በመሰል አገልግሎት ለሚተዳደሩ የአካባቢው ኢትዮጵያውያን ግን መኪና የመዝናኛ ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነው። በአንድ የተሳሳተ ግንኙነት የሚቃጠል ሽቦ የሥራ ቀናትን ሊያሳጣ፣ ከዚያም አልፎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ካፓሲተር ምንድን ነው?

ካፓሲተር የኤሌክትሪክ ኃይልን ለአጭር ጊዜ አጠራቅሞ በፍጥነት የሚለቅ ዕቃ ነው። አቅሙ የሚለካው በእንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ ስም በተሰየመው ፋራድ ነው። በመኪና ሙዚቃ ባለሙያዎች ዘንድ የተለመደው ስሌት ለእያንዳንዱ 1,000 ዋት አንድ ፋራድ ነው።

ባትሪው አንገቱ በጠበበ እንስራ፣ ካፓሲተሩ ደግሞ አፉ በሰፋ ኩባያ ሊመሰል ይችላል። እንስራው ብዙ ውኃ ይይዛል፤ ነገር ግን ቀስ እያለ ይቀዳል። ኩባያው የሚይዘው ጥቂት ቢሆንም ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደፋል። በ14.4 ቮልት የተሞላ ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተር ወደ 104 ጁል ገደማ ኃይል ይይዛል። ይህም 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ አንድ ሜትር ያህል ከፍ ለማድረግ የሚበቃ ነው።

አደጋው ከምን ይመጣል?

ብዙዎች «12 ቮልት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እርግጥ ነው፣ 12 ቮልት ደረቅ ቆዳን በነካ ጊዜ ሰውን አይጥልም። አደጋው ያለው ኃይሉ በሚለቀቅበት ፍጥነት ላይ ነው። ባዶ ካፓሲተር ከባትሪ ጋር በቀጥታ ሲገናኝ ለቅጽበት እንደ ተነካኩ ሽቦዎች ይቆጠራል። በመንገዱ ላይ ፍሰቱን የሚገድብ ነገር ከአንድ መቶኛ ኦም በታች ከሆነ፣ በ12.6 ቮልት ባትሪ ከ1,000 አምፔር በላይ ሊፈስ ይችላል። ውጤቱም ትልቅ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፊውዝ፣ የቀለጠ የሽቦ ጫፍ ወይም የዓይን ጉዳት ሊሆን ይችላል።

የተሞላ ካፓሲተርም እንዲሁ ነው። ቀለበት፣ የእጅ ሰዓት ወይም መፍቻ ሁለቱን ጫፎች ካገናኘ ብረቱ በቅጽበት ግሎ ሥጋን ያቃጥላል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ተገላብጠው ከተገናኙ ደግሞ በብዛት የሚሸጠው ዓይነት ካፓሲተር ውስጡ ይግልና ጋዝ ይፈጥራል፤ ሊፈነዳም ይችላል።

አገጣጠሙ

ሥራው የሚጀመረው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን አውጥቶ፣ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ በመፍታት ነው። ቀለበትና ሰዓት ይወልቃሉ፤ የዓይን መከላከያ መነጽር ይደረጋል። ባትሪ ተቀጣጣይ ጋዝ ሊያወጣ ስለሚችል ቦታው አየር የሚዘዋወርበት መሆን አለበት።

ካፓሲተሩ ለአምፕሊፋየሩ ቅርብ ሆኖ፣ ቢቻል ከ45 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርቀት፣ በማይነቃነቅ ሁኔታ ይታሰራል። ሽቦው በረዘመ ቁጥር ፈጥኖ የመልቀቅ ጥቅሙ ይቀንሳል። ኔጌቲቩ ቀለሙ በተፋቀ የመኪናው ብረት ላይ በአጭርና በወፍራም ሽቦ ይታሰራል። ፖዘቲቩ ከባትሪው ከሚመጣው ዋና ሽቦ ጋር ይገናኝና ወደ አምፕሊፋየሩ ይቀጥላል። በዋናው ሽቦ ላይ፣ ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ፣ ለሽቦው ውፍረት የሚመጥን ፊውዝ መኖሩ ግድ ነው። ፊውዙ በመንገድ ላይ ሽቦው ተልጦ የመኪናውን ብረት ቢነካ እሳት እንዳይነሳ ይከላከላል። በዚህ ደረጃ ግን የፊውዙ ቦታ ባዶ ሆኖ ይቆያል።

አሞላሉ

ግንኙነቱ ሁሉ ከተመረመረ በኋላ የባትሪው ኔጌቲቭ ይመለሳል። ሬዲዮው እንደጠፋ፣ በፊውዙ ፈንታ 30 ኦም ገደማ የሆነ ሬዚስተር ሁለቱን ጫፎች እንዲያገናኝ ይደረጋል። በዚህ ጊዜ የሚፈሰው በሺህ የሚቆጠር አምፔር ሳይሆን ግማሽ አምፔር እንኳ የማይሞላ ነው። ሬዚስተሩ በመጀመሪያ ከ5 ዋት በላይ ሙቀት ስለሚያመነጭ ለ10 ዋት የተሠራ ቢሆን ይመረጣል፤ በባዶ እጅ ሳይሆን ሽፋን ባለው ፒንሳ መያዝ አለበት።

ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተር በዚህ መንገድ በ30 ሰከንድ 63 በመቶ፣ በሁለት ደቂቃ ተኩል ደግሞ ከ99 በመቶ በላይ ይሞላል። በካፓሲተሩ ጫፎች ላይ የተያዘ ቮልቲሜትር ወደ ባትሪው ቮልት ተጠግቶ መጨመሩን ሲያቆም ሬዚስተሩ ይነሳና ፊውዙ ይገባል። በሬዚስተር ፈንታ ባለ 12 ቮልት ትንሽ አምፖል መጠቀምም ይቻላል። አምፖሉ መጀመሪያ ደምቆ ይበራል፤ ካፓሲተሩ ሲሞላ እየደበዘዘ ይሄዳል። አንዳንድ ካፓሲተሮች ፍሰቱን ራሳቸው የሚቆጣጠሩ በመሆናቸው አብሯቸው የሚመጣውን መመሪያ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ካፓሲተሩ ሲፈታም ጥንቃቄው ያው ነው። ፊውዙ ወጥቶ የባትሪው ኔጌቲቭ ከተፈታ በኋላ፣ ያው ሬዚስተር ወይም አምፖል በካፓሲተሩ ሁለት ጫፎች መካከል ይያዛል፤ ቮልቱም ከአንድ በታች እስኪወርድ ይጠበቃል። በካቻቢቴ አነካክቶ ባዶ ማድረግ ብልጭታና ቃጠሎ ያስከትላል።

ሃይብሪድ መኪና ከሆነስ?

እንደ ቶዮታ ፕሪየስ ያሉ ሃይብሪድ መኪኖች የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። ፕሪየስ የተለመደው ዲናሞ የለውም፤ 12 ቮልቱን የሚያገኘው ከትልቁ ባትሪ ኃይል ቀንሶ ከሚሰጥ መሣሪያ ነው። የዚህ መሣሪያ አቅም ውስን በመሆኑ ትልቅ አምፕሊፋየር ሊያጨናንቀው ይችላል። ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ገመዶች ደግሞ ለሞት የሚያበቃ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍባቸው ናቸው። እነዚህን መንካት የሚገባው የሠለጠነ መካኒክ ብቻ ነው።

ችግሩን በእርግጥ ይፈታል?

ካፓሲተር ኃይል አያመነጭም። 1,000 ዋት የሚወስድ አምፕሊፋየር ባለ አንድ ፋራድ ካፓሲተርን ከ14.4 ወደ 12 ቮልት ለማውረድ የሚበቃው በሰከንድ ሦስት መቶኛ ያህል ጊዜ ነው። ይህ ለአጭር የከበሮ ምት ሊያግዝ ይችላል፤ ረዘም ላለ የቤዝ ድምፅ ግን አይበቃም። በተጨማሪም 1,000 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ወደ 90 አምፔር ሊወስድ ይችላል። የብዙ የቤት መኪኖች ዲናሞ በጠቅላላው የሚሰጠው ደግሞ በ100 አምፔር አካባቢ ነው።

ስለዚህ መብራቱ የሚደበዝዝበት መኪና ያለው ሰው ካፓሲተር ከመግዛቱ በፊት ቮልቱን መለካት ይኖርበታል። በብዙ መኪኖች ሞተሩ እየሠራ የሚጠበቀው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ነው። ሙዚቃው ከፍ ብሎ በቆየ ጊዜ ንባቡ ከ12.6 ቮልት በታች የሚወርድና እዚያው የሚቀር ከሆነ፣ መኪናው ዲናሞው ሊሰጥ የማይችለውን ከባትሪው እየወሰደ ነው። በዚህ ጊዜ መመርመር ያለባቸው የባትሪው ዕድሜ፣ የሽቦዎቹ ውፍረት፣ የላሉ ብሎኖችና የዲናሞው አቅም ናቸው። እነዚህ ሳይስተካከሉ የሚገጠም ካፓሲተር ለዲናሞው ተጨማሪ የሚሞላ ዕቃ ከመሆን አያልፍም፤ ባትሪው ተዳክሞ መኪናዋ ጠዋት ለሥራ አልነሳ እንዳትል አያደርግም።