በሰው ደጅ የተዘረጋ ጉሊት

በገበያ ቀን ማለዳ በመካነ ሰላም ከተማ የተመላለሰ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ጉሊት ቸርቻሪዋ ሽንኩርቷንና በርበሬዋን ይዛ የምትቀመጠው በራሷ ቤት በር ሳይሆን በአንድ ባለሱቅ በረንዳ ሥር ነው። ጥላው የባለሱቁ ነው፤ ገበያተኛውም ወደዚያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሱቁን ፈልጎ ነው። እርሷም ይህን አሳምራ ስለምታውቅ ደጁን ትጠርግለታለች፤ «እንዴት አደሩ፣ ጋሼ» ብላ ሳትሳለምም አትቀመጥም። ባለሱቁ ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን በረንዳውን ለሲሚንቶ ማራገፊያ የፈለገው ዕለት «ዛሬስ እስቲ ወዲያ ፈቀቅ በይ» ይላታል፤ ፈቀቅ ከማለት በቀር የምታደርገው ነገር የለም።

ይህን ያነሣነው ስለ ሽንኩርት ለመጻፍ አይደለም። ዛሬ ከተማሩት ወጣቶቻችን ብዙዎቹ እንደዚህ ያለ ጉሊት ስለ ዘረጉ ነው። ልዩነቱ የእነርሱ በረንዳ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው፤ ስሙም ቴሌግራም፣ ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ይባላል፤ ባለቤቱም ማለዳ «እንዴት አደሩ» የማይባል የሩቅ አገር ሰው ነው።

ለምሳሌ ያህል በመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ በመካነ ሰላም ግቢ ተምሮ የተመረቀ አንድ ወጣት አለ እንበል። የመንግሥት ሥራ እስኪገኝ እጁን አጣጥፎ ከሚቀመጥ ከለጋምቦ ደጋ ከበግ ፀጉር የተሠራ ባና፣ ከቦረና ደግሞ ማር እየገዛ ፎቶግራፉን በቴሌግራም ቻናሉ ላይ ያወጣል። አዲስ አበባ ያለው ገዥ ያየዋል፣ በዋጋ ይስማማል፣ ገንዘቡን በቴሌብር ይልካል፤ ዕቃው በአውቶቡስ ተጭኖ በአቃስታና በደሴ አድርጎ ይሄዳል። ዱሮ ይህን ለመሥራት መርካቶ ውስጥ ዘመድ፣ ደሴ ላይ ደላላ፣ ኪስ ውስጥ ደግሞ በርከት ያለ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ያለ ልጅ በአንድ የእጅ ስልክ ይህን ሁሉ ሲሠራ ማየት ደስ ያሰኛል፤ ሥራውን የሚነቅፍ ሰው ቢኖር እኛ አንተባበረውም።

ዳሩ ግን ወጣቱን አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። ደንበኛው የማን ነው? ቻናሉን 3000 ሰዎች ይከታተሉታል እንበል። ስማቸውን በሙሉ አያውቅም፣ የሚኖሩበትን አልጻፈም፣ የአብዛኞቹ ስልክ ቁጥርም ለእርሱ አይታይም። የሚያውቃቸው ቴሌግራም ነው። ነገ ቻናሉ ቢጠፋ፣ ወይም ስልኩ ተሰርቆ ሌላ ሰው ቢገባበት፣ 3000ው ሰው በአንድ ሌሊት ጤዛ ሆኖ ያድራል።

ይህ ነገር በሐሳብ ብቻ የሚፈራ አይደለም፤ ደርሶ ያየነው ነው። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘግቶ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። የካቲት 2 ቀን 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው ለአምስት ወር ያህል እንደልብ ሳይከፈቱ ከረሙ። እነዚያ ተከፈቱ ሲባል ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። የመዝጊያው ምክንያት ምን እንደ ነበረና ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የምንለው በእነዚያ ቀኖች የማሩ ጥራት አለመቀነሱን፣ የባናውም ሙቀት አለመጉደሉን ነው። ሻጩም አለ፣ ገዥውም አለ፤ በመካከላቸው የነበረው በረንዳ ግን የሌላ ሰው ነበር። የገዥዎቹን ስምና ቁጥር በደብተር የጻፈ ነጋዴ ስልክ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ደውሎ «ዕቃው አለ» ለማለት ይችል ነበር፤ ያልጻፈው ግን ለማን ይደውል?

ጣጣው የሚመጣው በመዘጋት ብቻ እንዳይመስለን። ባለቤቱ ራሱ ይታመማል፣ ይከሰሳል፣ ሐሳቡን ይለውጣል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በኩባንያው በራሱ የሥራ ስሕተት ምክንያት በዓለም ሁሉ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፍተው ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ ከአውሮፕላን ሲወርድ ፓሪስ አጠገብ ተያዘ። ቴሌግራም አልተዘጋም፤ ነገር ግን ስሙን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች እንጀራቸው ከእርሱ ጉዳይ ጋራ መታሰሩን ያወቁት ያን ሰሞን ነው።

ገበሬ ነኝ ለሚል ሰው ሁሉ የሚያስገርም አንድ ታሪክ ደግሞ አለ። ዚንጋ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ በ2001 ዓ.ም. ፋርምቪል የተባለ ጨዋታ በፌስቡክ ላይ አወጣ። ተጫዋቹ በስልክና በኮምፒዩተር ላይ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል፤ እህሉ አይበላም እንጂ ገንዘብ ያወጣበታል። በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሰው አረሰበት። ኩባንያው በታኅሣሥ 2004 ዓ.ም. አክሲዮኑን ለሕዝብ ሲሸጥ ከገቢው ከመቶ 90 እጅ በላይ የሚያገኘው በፌስቡክ በኩል እንደ ነበረ በራሱ ሰነድ ተጽፏል። አንዱ አክሲዮን በ10 ዶላር ተሸጠ። ዓመት ሳይሞላው ከ3 ዶላር በታች ወረደ፤ ፌስቡክ የጨዋታዎቹን ማስታወቂያ ማጥበቡና ተጫዋቹም ወደ እጅ ስልክ መሸሹ ከምክንያቶቹ መካከል ነበሩ። የቀረው እርሻ ደግሞ የቆመው ፍላሽ በሚባል የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ላይ ነበር። የፍላሽ ባለቤት አዶቤ መሣሪያውን ሊተወው ስለ ወሰነ፣ ፌስቡክም በፍላሽ የሚሠሩትን ጨዋታዎች ሊያቆም ስለ ሆነ፣ የመጀመሪያው ፋርምቪል ታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. ተዘጋ። ድርቅ አልመታውም፣ አንበጣም አልበላው። መሬቱ የሰው ነበር።

መሬትን ካነሣን አይቀር በወሎ ይህ ነገር ለሽማግሌዎቻችን አዲስ አይደለም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ሲሶ አራሽና እኩል አራሽ የሚባል ሰው ነበር፤ በሌላው ርስት ላይ ያርሳል፣ ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍራል። የዛሬው ወጣት ይህን የታሪክ ትምህርት ብቻ አድርጎ ያነበዋል። ነገር ግን አፕልና ጉግል በመደብራቸው በኩል ከሚሸጠው ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት ከመቶ 30 እጅ ሲወስዱ ኖረዋል፤ ሲሶ ለመሙላት ጥቂት ብቻ የቀረው ማለት ነው። በ2013 ዓ.ም. ለአነስተኞቹ ሻጮች ወደ 15 ዝቅ አደረጉላቸው። ዝቅ ያደረጉት እነርሱ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ አራሹ አልሰፈረም።

ወደ መንገድ ዳር እንመለስና ስለ ሞባይል ካርድ ሻጩ ጥቂት እንበል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በየኪዮስኩ፣ በየአውቶቡስ ተራው የሞባይል ካርድ መሸጥ ለብዙ ወጣት የመጀመሪያ ሥራ ነበር። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ጀመረ፤ ሰውም ከተቀመጠበት ሳይነሣ ለራሱ መሙላት ቻለ። ጥሩ ነገር ነው፤ እኛም እንጠቀምበታለን። ሻጩ ግን ካርዱ የእርሱ እንዳልነበረ፣ የገዥውንም ስም እንዳልጠየቀ ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። ከካርዱ ጎን ቻርጀርና የስልክ ጥገና ጨምሮ የነበረው ልጅ ሰው ወደ እርሱ የሚመጣበት ሌላ ጉዳይ ነበረው።

ይህ ፈተና የግለሰብ ብቻ አይደለም፤ አውራጃም አገርም ይወድቅበታል። ለወሎ ሰው አሰብ ሩቅ ወደብ አልነበረም፤ ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ የሚወርደው መንገድ ወደዚያ ያደርስ ነበር። ሆቴሉ፣ ጋራዡ፣ የጎማ ጥገናው ሁሉ የቆመው በዚያ መኪና ላይ ነው። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን አሰብ የሌላ ሰው ደጅ ሆነ፤ ንግዱ ግን ዱሮ እንደ ነበረው ቀጠለ፤ በረንዳው ስለ ተለመደ ባለቤቱ መለወጡን ያሰበበት ጥቂት ነው። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ በማንዳና በቡሬ በኩል የሚያልፈው መንገድ ተዘጋ፤ መኪናው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ዛሬ በመካነ ሰላም ለገበሬው የሚታደለው የአፈር ማዳበሪያ የሚመጣው በዚያው በጅቡቲ በኩል ነው። እርሱም ቢሆን የሰው ደጅ ነው።

እንግዲህ የቴሌግራሙ ወጣት ምን ያድርግ? ተወው አንለውም፤ የራሱን በረንዳ እስኪሠራ ድረስ በሰው በረንዳ መቀመጡ ግድ ነው። ብቻ አንድ ደብተር ይግዛ። ባና የገዛውን ሰው ሁሉ ስም፣ ስልክና ከተማ ይጻፍበት፤ ይህንም ሲያደርግ ገዥውን አስፈቅዶ ይሁን። በየጥቅሉ ላይ የራሱን ስምና ስልክ ቁጥር ያስቀምጥ፤ ቻናሉ ቢጠፋ ጥቅሉ ገዥው ቤት ተቀምጦ ይቆየዋል። ከቴሌግራሙ ሌላ ደሴ ላይ አንድ ባለሱቅ ይያዝ፤ ትርፉ ቢያንስም። በቴሌብር የተቀበለውንም ገንዘብ እዚያው አያከማች፤ ወደ ባንክ ያዛውር።

ወጣት ሹማምንት አንባቢዎቻችንም ይህ ጉዳይ የነጋዴ ብቻ አይምሰላችሁ። በየከተማው የገበያ ሼድ የሚሰጥና የሚነሣ፣ መንገድ ሲሰፋ ኪዮስክ የሚያስፈርስ፣ የአውቶቡስ ተራውን ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው የሚያዛውር ደብዳቤ የሚረቀቀው በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የበረንዳው ባለቤት እናንተ ናችሁ። ማስነሣቱ የማይቀር ቢሆን እንኳ ደብዳቤው ዛሬ ወጥቶ ነገ ይፈጸም ከሚል የሦስት ወር ጊዜ ቢሰጥ፣ አዲሱ ቦታም የት እንደ ሆነ ቀደም ብሎ በአሮጌው በር ላይ ቢለጠፍ፣ ጉሊት ቸርቻሪዋ ለደንበኞቿ «ከመጪው ገበያ ጀምሮ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነኝ» ብላ ለመንገር ትደርሳለች።