የወልድያው ብር አዲስ አበባ ሲደርስ

መርሳ ተወልዶ ወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ፣ እዚያው ወልድያ ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ ወጣት እናስብ። በወር እጁ ላይ የሚደርሰው 10,000 ብር ነው፤ ሁሉንም ያወጣዋል። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የሥራ ጥሪ መጣለት፤ እጁ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ 15,000 ብር። ዘመድ ደስ አለው፣ ጓደኞቹም «ምን ትጠብቃለህ?» አሉት። ሒሳቡ ግን ገና አልተሠራም። የሚሠራበት ስልት ከ150 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ለእርሱም እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል።

ዘምቢሉን መሙላት

ስልቱ የሚታወቀው በጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ በኤቲየን ላስፔይረስ ስም ነው፤ ቀመሩን ያቀረበው በ1871 እ.ኤ.አ. ነበር። ሐሳቡ ይህ ነው፦ ዛሬ የምንሸምተውን ሁሉ በአንድ ዘምቢል እንሙላ፤ ከዚያ ያው ዘምቢል ሌላ ጊዜ ወይም ሌላ ቦታ ስንት እንደሚያወጣ እንቁጠር።

ለማስረዳት ያህል በተያዙ ቁጥሮች እንሞክረው። ወጣቱ ወልድያ ለምግብ 5,000፣ ለቤት ኪራይ 2,000፣ ለትራንስፖርት 500፣ ለሌላ ሌላው 2,500 ብር ያወጣል። አዲስ አበባ ላይ ምግብ በ20 በመቶ ቢወደድ፣ ኪራይና ትራንስፖርት አራት እጥፍ ቢሆኑ፣ የቀረው ባይለወጥ፣ ያው ዘምቢል 18,500 ብር ይጠይቃል። ወልድያን 100 ብንላት አዲስ አበባ 185 ትሆናለች ማለት ነው። 15,000 ብር ደመወዝ ይዞ የሄደው ልጅ በየወሩ 3,500 ብር ይጎድለዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክብደትን፣ ማለትም እያንዳንዱ ወጪ ከጠቅላላው ያለውን ድርሻ፣ በመርሳት ነው። «አንዱ በጥቂቱ፣ ሌላው አራት እጥፍ» እያሉ የልዩነቶቹን አማካይ ዝም ብለው ቢወስዱ ውጤቱ 255 ይመጣል፤ ይህም ለትራንስፖርት የሚወጣውን 500 ብር ከምግቡ 5,000 ብር ጋር እኩል መቁጠር ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ኤርንስት ኤንግል በ1857 እ.ኤ.አ. የቤተሰቦችን ወጪ መርምሮ እንዳሳየው፣ ገቢ ባነሰ ቁጥር የምግብ ድርሻ ከፍ ይላል። በኢትዮጵያ የሸማቾች ዋጋ መለኪያም ምግብ ከግማሽ በላይ ክብደት ሲሰጠው ቆይቷል።

መኪና የሚጭነውና የማይጭነው

ምግብ በጥቂቱ፣ ኪራይ ግን በብዙ የሚለያየው ለምንድን ነው? የመርሳ ፍራፍሬና የሀብሩ ወረዳ ማሽላ መኪና ላይ ይጫናሉ። የአዲስ አበባው ዋጋ ከመርሳው በጣም ሲርቅ ነጋዴው ወዲያ ይጭናል፤ ልዩነቱም እየጠበበ ወደ ማጓጓዣው፣ ወደ ደላላውና ወደ ብልሽቱ ወጪ ይጠጋል። ወልድያ ያለ ባዶ ክፍል ግን ተጭኖ አዲስ አበባ ሜክሲኮ አደባባይ አይራገፍም። ፀጉር ማስተካከልም፣ ሻይ ቤት ተቀምጦ የሚጠጣ ሻይም እንዲሁ ናቸው፤ ዋጋቸው የሚቆረጠው በከተማው መሬትና በከተማው የጉልበት ዋጋ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንቱ ቤላ ባላሳና ፖል ሳሙኤልሰን በ1964 እ.ኤ.አ. ሀብታም አገሮች ለምን ውድ እንደሚሆኑ ለየብቻ ያስረዱት ይህንኑ ክፍፍል ይዘው ነው።

ሦስተኛም ወገን አለ። የመብራትና የስልክ ታሪፍ፣ ከደመወዝ የሚቆረጠው የገቢ ግብር መጣኔም በሁለቱም ከተሞች አንድ ነው። ዋጋ ጠያቂው ጊዜውን በእነዚህ ላይ አያጥፋ፤ ከሁሉ አስቀድሞ ኪራይን ያጣራ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቅድመ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋልና ይህንንም ይወቅ።

ቁና ከኪሎ አይወዳደርም

ዋጋ ሲጠየቅ መስፈሪያው አንድ ይሁን። በቁና የተሰፈረ እህል በኪሎ ከተመዘነው ጋር የሚነጻጸረው ቁናው ራሱ ከተመዘነ በኋላ ነው። በመደብ የሚሸጥ ሽንኩርትም እንደዚያው። ጥራትም ይመሳሰል፦ ማኛ ጤፍ ከማኛ፣ ሰርገኛ ከሰርገኛ፤ ግቢው ውስጥ ውኃ ያለው ክፍልም ውኃ ካለው ጋር። ወቅትም አይረሳ። የክረምት እህል ዋጋ የጥር ዋጋ አይደለም። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ የሁሉም ዋጋ ይናወጣል፤ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የተያዘችው ወልድያ ይህን በኑሮዋ አይታዋለች።

ሰውም ይለወጣል

ወጣቱ አዲስ አበባ ሲገባ ዘምቢሉ እንደነበረ አይቆይም። ክፍሉን ከጓደኛው ጋር ተካፍሎ ኪራዩን ወደ 4,000 ብር ቢያወርድ፣ ወጪው 14,500 ብር ይሆናል። ይኸው አዲሱ ዘምቢል በወልድያ ዋጋ 9,000 ብር ስለሚያወጣ ንጽጽሩ 161 ይሆናል። በመድረሻው ዘምቢል መለካትን በ1874 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሄርማን ፓሼ ነው። የመጀመሪያው ስልት ልዩነቱን ያጋንናል፤ ሁለተኛው ያሳንሳል። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፊሸር ሁለቱን አባዝቶ የውጤቱን ዳግም ዘር (ስኩዌር ሩት) መውሰድን መረጠ፤ እዚህ 173 ገደማ ይመጣል። ነገር ግን 161 ላይ የተረፈው ብር በነጻ አልመጣም፤ ልጁ የከፈለው ግማሽ ክፍሉን ነው።

አሁን ደግሞ አክስቱ ቤት ያርፋል እንበል። ኪራይ የለም፤ የመጀመሪያው ዘምቢል 10,500 ብር ብቻ ይሆንና 15,000ው ይተርፈዋል። በተቃራኒው፣ ወልድያ ሳለ ወላጆቹ ከሀብሩ ማሽላና ጤፍ ይልኩለት ከነበረና አዲስ አበባ ላይ ያ ከቀረ፣ ገንዘብ ያልወጣበት ያ እህል የገቢው አካል ነበርና በገበያ ዋጋ ተተምኖ ይጨመር። ለበዓል አገር ቤት መመላለሱ፣ ለእናት የሚላከው፣ እድሩም እንዲሁ ይቆጠሩ።

ስለዚህ «አዲስ አበባ ከወልድያ በስንት ይወደዳል?» ለሚለው ጥያቄ ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ የለም። ያው ከተማ ለተከራዩ 185፣ ለአክስቱ እንግዳ 105 ነው። ለመሄድ የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ሻንጣ ከማዘጋጀታችሁ በፊት የአንድ ወር ወጪያችሁን በደብተር መዝግቡ፤ እዚያ የሚኖር የምታምኑትን ሰው ያንኑ ዝርዝር በዚያ ከተማ ዋጋ እንዲሞላላችሁ ለምኑ። ውሳኔያችሁን የራሳችሁ ዘምቢል ይምራው።