ብሩሹን አትቀቅሉት

ከአባት ሳጥን የጺም መላጫ ብሩሽ ያገኘ ሰው፣ ማክሰኝትም ይሁን ባሕር ዳር፣ ምክር አያጣም። አንዱ «ቀቅለው፣ ጀርሙ ይሞታል» ይለዋል፤ ሌላው «በረኪና ውስጥ ዘፍዝፈው» ይለዋል። ሁለቱም ብሩሹን ያጠፉበታል።

ከእንስሳ የተወሰደ የብሩሽ ጸጉር እንደ እኛው ጸጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው። በረኪና ፕሮቲን ይበላል፤ ጸጉሩ መጀመሪያ ይዝለገለጋል፣ ቀጥሎ ሲነካ ይበጠሳል። የፈላ ውሃ ደግሞ ጸጉሩን የያዘውን ሙጫ ያላላል፣ የቀንድ ወይም የአጥንት እጀታ ይሰነጥቃል።

«ጀርሙ ይሞታል» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ብዙው ጀርም በፈላ ውሃ ይሞታል፤ የአባሰንጋ ስፖር (ጀርሙ ተኝቶ የሚቆይበት ጠንካራ ቅርጽ) ግን ለአጭር ጊዜ ማፍላት በቀላሉ እጅ አይሰጥም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከእስያ በመጣ ርካሽ የፈረስ ጸጉር የተሠሩ ብሩሾች የእንግሊዝና የአሜሪካ ወታደሮችን ፊት በአባሰንጋ አቁስለዋል፤ የሞቱም ነበሩ። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1920 የፈረስ ጸጉር ብሩሽ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ዛሬ ከድሮ ብሩሽ የሚመጣው ስጋት እጅግ ትንሽ ነው። ቢሆንም ያ ዘመን የሠራው፣ ምንጩ ያልታወቀ ብሩሽ ቢደርሰኝ መደርደሪያ ላይ አኖረዋለሁ እንጂ ፊቴን አላስነካውም።

ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ይበቃዋል። ጸጉሩ ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር ሻጋታ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በውሃው ውስጥ ያለ ካልሲየም ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ የፈጠረው ነው። ሳሙና ቢጨመርበት አይለቅም፣ አቼቶ ግን ያስለቅቀዋል። አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጦ፣ እጀታው ሳይነካ ጸጉሩን ብቻ አምስት ደቂቃ መንከር፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ማለቅለቅ ነው። አይጠመዘዝም፤ ይራገፋል፣ በፎጣ ይጨመቃል። «ተዘቅዝቆ ካልተሰቀለ ይበሰብሳል» የሚባለውን እርሱት፤ በደንብ ከተራገፈ ቆሞም ይደርቃል። የሚያበሰብሰው እርጥቡን ፌስታል ውስጥ መጠቅለል ነው።

ጸጉር ቤት «ምላጩ አዲስ ነው» ሲባል ሁሉም ይረጋጋል። ብሩሹስ? የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያል፤ ምላጭ የቧጨረውን ፊት የነካ ብሩሽ ሳይጸዳ ወደ ቀጣዩ ደንበኛ መሻገር የለበትም። የራስን ይዞ መሄድ ይሻላል።

ከብሩሹ ጥቂት ጸጉር ቢረግፍ «አለቀለት» አይባልም። በጭብጥ ከመጣ ግን ሙጫው አብቅቷል። ይህን ጊዜ ነው ክፉው ምክር የሚመጣው፦ «ጭራ ከሚሠራበት የፈረስ ጅራት ቆርጠህ ሙላው፣ ያው ጸጉር ነው።» ያው አይደለም። የፋብሪካ ጸጉር ከጀርም እንዲጸዳ ይደረጋል፤ የገበያው ጅራት ከየትኛው እንስሳ እንደተቆረጠ፣ እንስሳው በምን እንደሞተ ማን ያውቃል? አባሰንጋ አገራችን ውስጥ ዛሬም አለ፣ ስፖሩም አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። እጀታውን ወድጄዋለሁ የሚል ሰው ሰው ሠራሽ ጸጉር ገዝቶ በኢፖክሲ ሙጫ ያስተክልበት።