ፊኛው ውጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ፦ ሕክምናው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ?

በቅርቡ አንዲት እናት በውስጥ መስመር እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ ልጄ ከእምብርቱ በታች ቀይ ሥጋ ወጥቶ ነው የተወለደው። 3 ሳምንቱ ነው፣ ሽንቱ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ምን በድዬ ነው? ለሰው ማሳየትም አፈርኩ።»

እህቴ፣ ምንም አልበደልሽም። ይህ ብላደር ኤክስትሮፊ ይባላል። ፅንሱ ሲፈጠር የታችኛው የሆድ ግድግዳና የሽንት ፊኛው የፊት ክፍል ሳይዘጋ ይቀራል፤ የዳሌ አጥንቱም ከፊት አይገጥምም። ከ30,000 እስከ 50,000 ከሚሆኑ ሕፃናት በአንዱ ላይ ይከሰታል፤ ወንዶች ላይ ይበዛል።

ድሮስ ምን ይደረግ ነበር?

🔹 በ1852 (እ.ኤ.አ.) ለንደን ውስጥ ጆን ሳይመን የተባለ ሐኪም ሽንቱን ወደ አንጀት ለማዞር ሞከረ። ልጁ ከጊዜ በኋላ ሞተ፤ ሐሳቡ ግን ቀጠለ።

🔹 በ1850ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ፓንኮስትና ኤይርስ የተባሉ ሐኪሞች ፊኛውን በሆድ ቆዳ ሸፈኑት። ተሸፈነ እንጂ ሽንቱ አልቆመም።

🔹 ሽንትን ወደ ትልቁ አንጀት ማዞር ለብዙ አሥርት ዓመታት ተሠራበት። ልጆቹ መድረቅ ቻሉ፤ ግን ኩላሊት ይመረቅዝ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላም ቱቦው አንጀቱን በነካበት ቦታ ካንሰር የወጣባቸው ነበሩ።

🔹 በ1942 ሂዩ ያንግ የሴት ልጅ ፊኛ ራሱ ተዘግቶ ሽንት መቆጣጠር እንደቻለች ዘገበ። ጥያቄው ተቀየረ፦ «ሽንቱን ወዴት እናዙረው?» ቀርቶ «ፊኛው ራሱ እንዲሠራ እንዴት እናድርግ?» ሆነ።

🔹 በ1970ዎቹ ሮበርት ጄፍስ ሥራውን በደረጃ ከፋፈለው፦ መጀመሪያ ፊኛና ሆድ መዝጋት፣ ቀጥሎ የሽንት መውጫውን ማስተካከል፣ ልጁ ሲያድግ የፊኛውን አንገት ማጥበቅ። ዛሬም ብዙ ቦታ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፦ በአንድ ኦፕሬሽን አያልቅም። አንዳንዶቹ አድገው በቱቦ ሽንት ማውጣት ያስፈልጋቸዋል፤ የኩላሊት ክትትሉም የዕድሜ ልክ ነው። ግን ይማራሉ፣ ይሠራሉ፣ ያገባሉ።

እንዲህ ያለ ልጅ ከተወለደ፦

✅ ፊኛው ላይ ደረቅ ጎዝ ወይም ጨርቅ አታድርጉ፤ ይጣበቅና ያቆስለዋል። ንጹህ፣ ስስ ፕላስቲክ (ምግብ የሚሸፈንበት ዓይነት) አልብሱትና ዳይፐር አድርጉ።
✅ ቅቤም ሆነ ሌላ ነገር አትቀቡ።
✅ የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ቶሎ ውሰዱት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጥንቱ ለስላሳ ስለሆነ መዝጋቱ ይቀላል። ቀኑ ካለፈም ግን ይሠራል። እህቴ፣ አልዘገየሽም፤ ነገ ጠዋት ውሰጂው።

ሼር አድርጉት፤ አፍራ ቤት የተቀመጠች እናት ጋር ይድረስ። 🙏