ሃንዲካፕ ማንን ይጠቅማል?

አሜሪካ ውስጥ ቦውሊንግ ሊግ የገባ ሰው ወቅቱ ሳይጋመስ አንድ ክርክር መስማቱ አይቀርም። ጎበዙ «ነጥብ በነፃ እየታደለ እንዴት እናሸንፋለን?» ይላል። ደካማው ደግሞ «የምትሰጡን መች በቃንና!» ብሎ ይመልሳል። የሚጣሉት በመቶኛው ላይ ነው፤ 80 ይሁን፣ 90 ይሁን፣ 100 ይሁን እያሉ። እኔ ግን ለዓመታት ፍርዱን ያዛባው ሌላ ቁጥር ነው ባይ ነኝ።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ሊጉ አንድ መነሻ ቁጥር ይይዛል፤ 200 እንበል። የተጫዋቹ አማካይ ውጤት ከዚያ ላይ ይቀነስና ከልዩነቱ የተወሰነው መቶኛ በየጨዋታው ይታከልለታል። ሃንዲካፕ ማለት ይኸው ማካካሻ ነው። መቶኛው 80 ከሆነ አማካዩ 180 የሆነው 16 ፒን (ነጥብ)፣ 140 የሆነው 48 ፒን ያገኛል። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ከተጫወቱ 196 ለ188 ይወጣሉ። ጎበዙ ገና ኳስ ሳያነሳ በ8 ፒን እየመራ ነው። እንዲህ ያሉ አምስት አምስት ሰዎች በቡድን ሲገጥሙ 8ቱ 40 ይሆናል፤ በሦስት ጨዋታ 120። ስለዚህ «በነፃ እየታደለ» የሚለው እሮሮ ቢያንስ በ80 መቶኛ ሊግ ውስጥ ውኃ አያነሳም።

የአሜሪካ ቦውሊንግ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1895 ኒውዮርክ ላይ የተቋቋመው የተበታተነውን ደንብ አንድ ለማድረግ ነበር። በ1901 ቺካጎ ላይ የጀመረው ብሔራዊ ውድድር ማካካሻ አያውቅም፤ የጣልከውን ያህል ትቆጥራለህ፣ አለቀ። ሃንዲካፕ ቤቱ የሰፈርና የመሥሪያ ቤት ሊግ ነው፤ ባል ከሚስቱ፣ አዲስ ገቢ ከነባሩ ጋር እኩል ተስፋ ይዞ የሚሰለፍበት። (ፍትሕ ከተነሳ አይቀር፣ ይኸው ኮንግረስ እስከ 1950 ድረስ ነጭ ላልሆነ ሰው በሩን ዘግቶ ነበር። ጥቁሮቹ በ1939 ዲትሮይት ላይ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ፒን በፒን ሲመዝን የኖረ ድርጅት ሰው ለመመዘን 55 ዓመት ፈጀበት።)

በ1950ዎቹ ፒን የሚያቆመው ማሽን መጣ፤ ሊጎቹም እንደ አሸን ፈሉ። በ1970ዎቹ መጨረሻ የወንዶቹና የሴቶቹ ማኅበራት አባላት ተደምረው ከ9 ሚሊዮን በላይ ደረሱ። መነሻው 200 ይሁን የተባለው 200 አማካይ ያለው ሰው ብርቅ በነበረበት ዘመን ነው። ከዚያ ኳሱ ተለወጠ። የጎማውንና የፖሊስተሩን ኳስ በ1980ዎቹ ዩሬቴን፣ በ1990ዎቹ ሪአክቲቭ ሬዚን ተካው። ይህ የመጨረሻው ኳስ ደረቅ ወለል ሲያገኝ ነክሶ ይታጠፋል። በአብዛኛው አዳራሽ ደግሞ ዘይቱ መሐል ላይ ወፍራም፣ ዳር ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባል። ኳሷ ወደ ዳር ብትስት ደረቁ ይመልሳታል፤ ወደ መሐል ብትስት ዘይቱ ያንሸራትታታል። የተጫዋቹን ስህተት ወለሉ ያርምለታል ማለት ነው። በ1968–69 ወቅት የተመዘገበው ሙሉ 300 ነጥብ 905 ነበር፤ በ1998–99 ግን 34,470 ሆነ። ያውም የአባላቱ ቁጥር እያሽቆለቆለ!

የመነሻ ቁጥሩ ጣጣ እዚህ ላይ ይወጣል። አማካዩ 220 የደረሰ ሰው 200 መነሻ ባለው ሊግ ምንም አይጨመርለትም፤ ግን ምንም አይቀነስበትም። ከ140ው ተጫዋች ጋር ሲገጥም መቶኛው ሙሉ 100 ቢሆን እንኳ 220 ለ200 ነው። «100 መቶኛ» የሚለው ወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሊጎች መነሻውን ወደ 210፣ 220፣ 230 ሲገፉ የኖሩት ለዚህ ነው። በ230 መነሻ አንዱ 90፣ ሌላው 10 ያገኝና ሁለቱም 230 ላይ ይገናኛሉ።

የጎበዞቹ መከራከሪያ ግን ሙሉ በሙሉ የሚጣል አይደለም። በዚሁ በ230 መነሻ 140ው ሰው አንድ ቀን ቀንቶት 200 ቢጥል ከነማካካሻው 290 ይሆናል፤ 220ው ሰው እሱን ለመድረስ 280 መጣል አለበት፣ ጣሪያውም 300 ነው። እውነት ነው። ያው ሰው ግን በማግስቱ 95 ይጥላል። በሊግ ውስጥ ሁለቱ ቀን ይካካሳል፤ ሽልማቱ ለጥቂት የላይኛ ውጤቶች ብቻ በሚሰጥበት ትልቅ ውድድር ግን የወደቀበትን ቀን የሚያይለት የለም፤ የቀናው ብቻ ይሸለማል። ስለዚህ መቶኛውን ዝቅ ማድረግ ለውድድር ያስኬዳል፤ ለሳምንታዊ ሊግ ግን አያስኬድም።

ሳንድባጊንግ የሚሉት ደግሞ አለ፤ ማካካሻው እንዲያብጥ ሆን ብሎ ዝቅ አድርጎ መጫወት። ደንቡ ይከለክለዋል፣ ማስረዳቱ ግን ጭንቅ ነው፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማ። ከእሱ ጋር ሳያጠፋ የሚወቀስ ሰው አለ፤ የተሻሻለ ጀማሪ። 45 ጨዋታ በ130 አማካይ ተጫውቶ የሚቀጥሉትን 9 በ155 ቢጫወት አማካዩ ገና 134 ነው። ማካካሻው የድሮውን ሰው ነው የሚያውቀው። ይህ የድምር አማካይ ጉድለት እንጂ የሰውየው ተንኮል አይደለም።

አሁን ደግሞ በገመድ የታሰሩ ፒኖች መጥተዋል። በ2005 የቀድሞዎቹን ማኅበራት አጣምሮ የተካው የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ በ2023 ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ተቀብሏቸዋል፤ በሙከራው ውጤት በአማካይ ወደ 10 ፒን ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ከአንዱ አዳራሽ የተገኘ አማካይ ሌላው ዘንድ እንዳለ መቆጠር የለበትም።

እናንተም ለመጪው ወቅት ሊግ ልትመዘገቡ ከሆነ ከመቶኛው በፊት መነሻውን ጠይቁ። በሊጉ ካለው ከፍተኛ አማካይ በታች ከሆነ በመጀመሪያው የአባላት ስብሰባ ላይ እጃችሁን አውጡ፤ ደንቡ በድምፅ የሚጸድቀው ያን ዕለት ነው።