ተጨማሪ መረጃ፦ የቀለም ስፕሬይ ጋን ሲመረጥ
ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ ስለዚህ ለጋኑ አየር የሚያቀርበውና ኮምቦልቻ ላይ የሚበቃ ኮምፕሬሰር ደሴ ሲወጣ የሚሰጠው የታመቀ አየር ያንሳል። ጋን ሲገዛ ከዋጋው በፊት በደቂቃ የሚፈልገው የአየር መጠን ይታይ። ኮምፕሬሰሩ ካልቻለው ቀለሙ በደንብ ሳይበተን ያርፍና ላዩ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይጎረብጣል፤ ይህንን ደግሞ የእጅ ብልሃት አያድነውም። ለቫርኒሽና ለማጠናቀቂያ ቀለም የ1.3 ወይም 1.4 ሚሊሜትር ኖዝል ይስማማል፤ ወፍራሙ የመጀመሪያ ቅብ 1.8 ገደማ ይፈልጋል። ለበርና ለቁም ሳጥን ቀለም መያዣው ከላይ የሆነው ጋን ይሻላል፦ ቀለሙ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ዝቅተኛ ግፊት ይበቃዋል፣ ትርፍራፊም ብዙ አያስቀርም። ደሴ በክረምት በጉም ስትሸፈን አየሩ እርጥብ ስለሚሆን በአየር መስመሩ ላይ የውኃ ማጣሪያ ይገጠም፤ የኮምፕሬሰሩ ታንከር ውስጥ የተጠራቀመውም ውኃ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይፍሰስ።