የልምድ ነጥብ አመዳደብ በሮግ-መሰል የኮምፒዩተር ጨዋታዎች

ነጥብ በምንሰጥበት ጊዜ ሁሉ፣ አስበንበትም ሆነ ሳናስብበት፣ ተማሪው ቀጥሎ ምን ላይ መድከም እንዳለበት እንነግረዋለን። ይህ ነገር ከክፍል ውስጥ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ብዙዎቻችን የጊዜ ማጥፊያ አድርገን በምንቆጥረው የኮምፒዩተር ጨዋታ ላይ ነው። በጨዋታው ውስጥ የነጥቡ ቀመር ተጽፎ ይገኛል፤ ተጫዋቹም ለቀመሩ የሚሰጠው ምላሽ ሳይውል ሳያድር ይታያል። በመሆኑም ይህ ጽሑፍ «ሮግ-መሰል» ተብለው የሚታወቁት ጨዋታዎች፣ ጭራቅ ለገደለ ተጫዋች የሚሰጡትን የልምድ ነጥብ በምን ዓይነት መንገድ እንደሚመዝኑ ለማብራራት ይሞክራል።

የወገኑ መጠሪያ የሆነው «ሮግ» እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን በሳንታ ክሩዝ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የጀመሩት፣ በኋላም ኬን አርኖልድ በበርክሌይ የተባበራቸው ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ወለል በወለል ወደ ምድር ውስጥ ዋሻ ይወርዳል፤ በላቲን ፊደላት የተመሰሉ ጭራቆችም ይገጥሙታል። ዋሻው በእያንዳንዱ ጨዋታ እንደ አዲስ ስለሚቀየስ መንገዱን በቃል ማጥናት አይጠቅምም። የሞተ ተጫዋችም ካለበት አይቀጥልም፤ ከመጀመሪያው ወለል እንደገና ይነሣል። ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው የሚሻገረው በተጫዋቹ አእምሮ ውስጥ የቀረው ዕውቀት ብቻ ነው። የነጥቡ አመዳደብ ያን ያህል የሚያሳስበውም ስለዚሁ ነው፤ የተሳሳተ ነጥብ የተሳሳተ ልማድ ያስተምራልና።

በ«ሮግ» ወደ ሁለተኛው የችሎታ ደረጃ ለመውጣት 10 ነጥብ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ድምር 20፣ 40፣ 80፣ 160 እያለ በየደረጃው እጥፍ ይሆናል። ሆብጎብሊን የሚባለው ደካማ ጭራቅ በመነሻው 3 ነጥብ ሲያስገኝ ትሮል 120፣ ዘንዶ ደግሞ 5,000 ያስገኛል። (እንደ ጭራቁ ጥንካሬ የሚታከለውን ጭማሪ ለጊዜው እንተወው።) እንግዲህ ድምሩ 640 የደረሰ ተጫዋች 1,300 ለመሙላት 660 ነጥብ ይቀረዋል። ይህም 220 ሆብጎብሊን ወይም 6 ትሮል ማለት ነው። ደካማውን መግደል አልተከለከለም፤ ነገር ግን ቁጥሩ ራሱ «ወደ ታች ውረድ» ይለዋል።

ታጋሽ ተጫዋች ግን 220 ሆብጎብሊን እስኪገድል አንድ ወለል ላይ ሊቀመጥ ይችል ነበር። ይህን የሚያግደው ረኀብ ነው። ተጫዋቹ በየርምጃው ይራባል፤ ምግብ ደግሞ በአብዛኛው የሚገኘው አዲስ ወለል ሲከፈት ነው፤ ስለሆነም አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ይሞታል። በእኔ ግምት የ«ሮግ» ታላቁ ብልሃት ይኸው ነው። የነጥብ ሠንጠረዡ ብቻውን አልተተወም፤ ከጊዜ ዋጋ ጋር ተቆራኝቷል። እኛ ግን የምዘና ሠንጠረዥ ስናወጣ ተማሪው በእያንዳንዱ ተግባር ላይ የሚያጠፋውን ሰዓት ከቁጥር የምናስገባው ከስንት አንዴ ነው።

ለዚህ ከራሴ የሥራ ልምድ አንድ ምሳሌ ላቅርብ። ባገለገልሁበት አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ውስጥ፣ ሠልጣኞች ለሚያዘጋጁት ለእያንዳንዱ የትምህርት መርጃ መሣሪያ አንድ ነጥብ እንዲሰጥ ወስነን ነበር። ሐሳባችን እጃቸው ሥራ እንዲለምድ ነበር። ውጤቱ ግን ከካርቶን የተቆረጡ የፊደል ካርዶች ክምር ሆነ። አንድ ሠልጣኝ ብቻውን ከአርባ በላይ አስረከበ። ለማዘጋጀት ሳምንት የሚፈጀውን የሳይንስ ሞዴል የሞከረ አልነበረም፤ ዋጋው ከአንዲት ካርድ ጋር እኩል ነበርና። እነዚያ ሠልጣኞች ሰነፎች አልነበሩም፤ ሠንጠረዣችንን በትክክል አንብበውታል። ጉዳቱ የታየው ለማስተማር ልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች በተሰማሩ ጊዜ ነው፤ ካርድ ሞልቷቸው የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ባዶ እጃቸውን ቆሙ።

እ.ኤ.አ. በ1990 በእንግሊዝ አገር በዎሪክ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «አንግባንድ» ለዚህ ዓይነቱ ችግር ሌላ መፍትሔ ይዟል። በዚህ ጨዋታ የጭራቁ ነጥብ በጭራቁ ደረጃ ይባዛና ለተጫዋቹ ደረጃ ይካፈላል። ለምሳሌ ነጥቡ 30፣ ደረጃው 10 የሆነ ጭራቅ ቢኖር፣ በ5ኛ ደረጃ ላይ ላለ ተጫዋች 60 ነጥብ ይሰጣል፤ በ30ኛ ደረጃ ላይ ላለው ግን 10 ብቻ ነው። አንዱ ሥራ ለጀማሪው ትልቅ፣ ለበሰለው ትንሽ ሆኖ ተመዘነ ማለት ነው። ከዚህም ሌላ «አንግባንድ» አንድን አስማት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሠራ፣ ምንነቱ ያልታወቀን ዕቃ ሞክሮ ለለየ ተጫዋች ነጥብ ይሰጣል። ዕውቀት የሚገኘው በመግደል ብቻ አለመሆኑን ቀመሩ ተቀብሏል።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው «ኔትሃክ» ደግሞ የጭራቁን ደረጃ በራሱ አባዝቶ አንድ ይጨምርበታል፤ ለፍጥነቱና ለአደገኛ ጥቃቱም ተጨማሪ ያስብለታል። በ3ኛ ደረጃ ላይ ያለ ጭራቅ መነሻው 10፣ በ6ኛ ያለው 37 ነው። አደጋው እጥፍ ሲሆን ዋጋው ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ በብረት ሲመቱ ለሁለት የሚከፈሉ፣ ሞተው የሚነሡም ጭራቆች ስላሉ፣ ተጫዋቹ እንደ ከብት እያረባ ሊገድላቸው ይችላል። ቀመሩም ይህን ያውቃል፤ እንዲህ የተባዙት ወይም የተነሡት እስከ 20ኛው ግድያ ድረስ ሙሉ ነጥብ፣ ከ21ኛው እስከ 40ኛው ግማሽ፣ ከ41ኛው እስከ 80ኛው ሩብ ያስገኛሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀንሳል። ተጫዋቾች ግን ለነጥቡ ሳይሆን ከሬሳው ለሚወድቀው ዕቃ ሲሉ ማርባቱን ቀጠሉ። ይህ በር የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው 3.6.0 እትም ነው። አንዱን ቀዳዳ መድፈን ሌላው መኖሩን እንደማያስቀር ዕቅድ አውጪዎች ልብ ይሏል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ብራያን ዎከር ያወጣው «ብሮግ» በኋለኞቹ እትሞቹ ለግድያ የሚሰጠውን ነጥብ ጨርሶ ሠርዞታል። ተጫዋቹ የሚጠነክረው በየወለሉ ተቀምጠው በሚያገኛቸው ዕቃዎች ነው፤ ስለዚህ ከጭራቅ ሸሽቶ ማለፍ እንደ ብልህነት ይቆጠራል። ንጹሕ መፍትሔ ነው፤ ለትምህርት ቤት ግን እንዳለ መውሰድ ያስቸግራል። ነጥብ ለጀማሪው መሻሻሉን የሚያይበት መስታወትም ነውና፣ ጨርሶ ሲነሣ በራሱ የማይተማመነው ተማሪ ይጎዳል።

እኛም በተከታዩ ዓመት ሠንጠረዡን ለወጥነው። ከአንድ ዓይነት መሣሪያ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ብቻ ሙሉ ነጥብ እንዲያገኙ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት በግማሽ እንዲታሰቡ፣ የሳይንስ ሞዴል ግን አምስት እጥፍ እንዲመዘን ተደረገ። የካርዱ ክምር ጠፋ፤ ሞዴሎችም መምጣት ጀመሩ። በሁለተኛው መንፈቅ ግን አንዱ ሞዴል ቀለሙ እየተቀየረ በሦስት ሠልጣኞች እጅ መቅረቡን ደረስንበት። አሁን ሠልጣኙ ሞዴሉን ይዞ በክፍል ፊት እንዲያስረዳበት እያደረግን ነው፤ ይህም የመምህሩን ሰዓት በእጅጉ ስለሚወስድ ለስንት ሠልጣኝ እንደሚበቃ ገና እያሰላን ነው።